የጉልበት ከፊል ቅየራ፦ ማታ ቤት መግባት ወይስ ሆስፒታል ማደር?

ሐኪሙ «የሚቀየረው የጉልበቱ አንድ ጎን ብቻ ነው፤ ማታ ቤትዎ ይገባሉ» ሲል፣ ከደሴ ወይም ከወልድያ ታማሚ ይዞ አዲስ አበባ የገባ ቤተሰብ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ቤት?» ብሎ ነው። የደሴው ቤት 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የዘመድ ቤት ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ሊፍቱም አይሠራ ይሆናል። የተከራዩት ክፍል መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነም ነገሩ ሌላ ነው። በዕለቱ መውጣት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ክርክር መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይልቅ እዚያ ቤት ውስጥ ነው።

የሚቀየረው ምኑ ነው?

ጉልበት አንድ መገጣጠሚያ ቢመስልም ሦስት ክፍል አለው። አንዱ ሁለቱ ጉልበቶች በሚተያዩበት በውስጥ በኩል፣ ሌላው በውጭ በኩል፣ ሦስተኛው ከጉልበት ሎሚው ሥር ነው። በሦስቱም ላይ አጥንቱን የሚያለብስ ልም አጥንት አለ። እሱ ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። በአብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያልቀው የውስጥ በኩሉ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲቆም እግሩ እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ «የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» ሲባልም በአንድ ጣቱ የውስጥ ጎኑን ይጠቁማል። ጉልበቱን በመላ መዳፉ ጨብጦ «እዚህ ሁሉ» የሚል ሰው ግን ጉዳቱ ከአንድ ክፍል አልፎ ሊሆን ይችላል።

በሙሉ ቅየራ የመገጣጠሚያው ገጽ በሙሉ ይቆረጣል፤ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማትም አብሮ ይነሣል። በከፊል ቅየራ የተጎዳው ክፍል ብቻ ይነካል፦ ከጭኑ አጥንት ጫፍ ላይ የብረት ቆብ፣ ከቅልጥሙ አናት ላይ የብረት ሳህን፣ በመካከላቸው ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ጅማቶቹ በቦታቸው ስለሚቆዩ ጉልበቱ ሲታጠፍም ሲዘረጋም «የራሴ ነው» የሚል ስሜት ይሰጣል። ቁስሉ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሥራው ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

ይህ ለሁሉም አይሆንም። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ጤነኛ መሆን አለበት፤ የእግሩ መጉበጥ በእጅ ሲገፋ የሚቃና መሆን አለበት፤ የውጭ በኩሉ ልም አጥንት ሙሉ መሆን አለበት። መገጣጠሚያን ሁሉ የሚያስቆጣ የቁርጥማት በሽታ ያለበት ሰው ለከፊል ቅየራ አይመረጥም። ራጁም ታካሚው ቆሞ የተነሣው መሆን አለበት። ተኝቶ ሲነሣ የሰውነት ክብደት ስለማያርፍበት አጥንቶቹ ተራርቀው ይታያሉ፤ ያለቀው ልም አጥንት ያላለቀ ይመስላል። የተኛ ሰው ራጅ ብቻ ይዞ 400 ኪሎ ሜትር መሄድ የድካም ጉዞ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 528 ታካሚዎችን አምስት ዓመት ተከታትሎ፣ በሕመምና በእንቅስቃሴ ረገድ በሁለቱ ቅየራዎች መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ ከፊሉ ግን በወጪ ቀለል ያለ ነበር። በሌላ በኩል በየአገሩ የተያዙ የመገጣጠሚያ መዝገቦች ከፊል ቅየራ ዳግም የመሠራት ዕድሉ ከሙሉው እንደሚበልጥ ያሳያሉ፤ በዓመት ጥቂት ብቻ በሚሠራ ሐኪም እጅ ደግሞ ይበልጥ ከፍ ይላል። «ይህን ዓይነቱን በዓመት ስንት ይሠራሉ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም አይቀየምበትም።

በዕለቱ መውጣት እንዴት ተቻለ?

ቀድሞ ጉልበቱን ያስቀየረ ሰው ቀናትን አልጋ ላይ ያሳልፍ ነበር። በአሜሪካ የአረጋውያን መድን የሆነው ሜዲኬር እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ ሙሉ ቅየራን የሚከፍለው ታካሚው ተኝቶ ሲታከም ብቻ ነበር፤ በ2020 ከሆስፒታል ውጭ ባሉ የቀዶ ሕክምና ማዕከላት እንዲሠራም ፈቀደ። ከፊል ቅየራ ደግሞ ከሙሉው ይቀላል፦ የሚቆረጠው አጥንት ትንሽ ነው፣ የሚፈሰው ደም ትንሽ ነው፣ የጭኑ ጡንቻም ብዙ አይነካም።

ለውጡን ያመጣው ግን በአብዛኛው የማደንዘዣው ጥበብ ነው። ቀደም ሲል ብሽሽት አካባቢ ያለውን የጭን ዋና ነርቭ ማደንዘዝ የተለመደ ነበር። ሕመሙን ያጠፋል፤ ነገር ግን ጉልበት የሚዘረጋውን ጡንቻ አብሮ ስለሚያዝል ታካሚው ሊቆም ሲል ጉልበቱ ይከዳዋል። አሁን መርፌው ወረድ ብሎ ከጭኑ መሀል ይሰጣል፤ ስሜት የሚወስደው ነርቭ ይደነዝዛል፣ የጡንቻው ጉልበት በአብዛኛው ይቀራል። በዚያ ላይ ሐኪሙ መገጣጠሚያውን ከመዝጋቱ በፊት ዙሪያውን በማደንዘዣ ይወጋል። ደም እንዳይፈስ ትራኔክሳሚክ አሲድ (ብዙ ጊዜ 1 ግራም በደም ሥር)፣ ማቅለሽለሽን ለመከላከል ዴክሳሜታዞን፣ ኢንፌክሽንን ለመከላከል ደግሞ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው 1 ሰዓት ውስጥ ሴፋዞሊን ይሰጣል።

እዚህ ላይ የሰመመን ባለሙያውን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «በወገብ በሚሰጠው መርፌ ውስጥ ሞርፊን ይገባበታል?» ከገባበት ያን ሌሊት ሆስፒታል ማደር ይገባል። በአከርካሪ በኩል የገባ ሞርፊን ከብዙ ሰዓት በኋላም አተነፋፈስን ሊያዘገይ ይችላል፤ ማሳከክና የሽንት መያዝም ያመጣል። ሞርፊን የሌለበትና ቶሎ የሚለቅ ማደንዘዣ ከሆነ ግን ከሰዓት በኋላ መነሣት ይቻላል።

ማደር ያለበት ማን ነው?

የልብ ድካም ያለበት፣ በቅርቡ የልብ ሕክምና ያደረገ፣ ስኳሩ ያልተስተካከለ፣ ኩላሊቱ የተጎዳ፣ ደም ያነሰው፣ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ሲተኛ አንኮራፍቶ ትንፋሹ የሚቆም ሰው ማደር አለበት። የፕሮስቴት እብጠት ያለበት ወንድም እንዲሁ፤ ከወገብ ማደንዘዣ በኋላ ሽንቱ ሊያዝ ይችላል። በተደጋጋሚ የሚወድቅ፣ ብቻውን የሚኖር፣ የሚያድርበት ቤት ከሆስፒታሉ በመኪና ከ1 ሰዓት በላይ የሚርቅ ሰውም ጤናው ሙሉ ቢሆን ማደሩ ይሻለዋል።

በተመላላሽ የተሠሩ ሰዎች ውጤት ካደሩት አይከፋም የሚሉ ጥናቶች ብዙ ናቸው። ሲነበቡ ግን አንድ ነገር አይዘንጋ፦ ለተመላላሽ የተመረጡት ቀድሞውንም ጤነኞቹና ቤታቸው የተመቻቸላቸው ናቸው። ውጤቱ ተመርጦ ለሚሄድ ሰው እንጂ አልጋ ጠፋ ተብሎ ለሚሸኝ ሰው አይሠራም።

በእኛ አገር ሆስፒታል ማደርም ቢሆን ያለ አስታማሚ አይሆንም። ምግብ የሚያመጣ፣ መድኃኒት ከፋርማሲ የሚገዛ፣ ሌሊት ነርስ የሚጠራ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ «ካደረ ቤተሰቡ ያርፋል» የሚለው ሒሳብ አይሠራም። በማደር የሚገኘው ትርፍ ሌላ ነው፦ ሌሊት የደም ግፊት የሚለካ፣ ሽንት ቢያዝ ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) የሚያስገባ፣ ሕመሙ ቢበረታ መርፌ የሚሰጥ ባለሙያ አጠገብ መኖሩ። የሚከፈለውም ለዚህ ነው።

ዕለቱ እንዴት ይውላል?

በዕለቱ ለመውጣት የታሰበ ሰው የመጀመሪያው ተረኛ መሆን አለበት፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢገባ ይመረጣል። ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ የገባ ሰው ማደንዘዣው ሳይለቅ ይመሻል፤ ለመራመድ የሚያግዘው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም ይሄዳል።

ምግብ ቀዶ ሕክምናው 6 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፤ ቅባት የበዛበት ከሆነ 8 ሰዓት ሲቀረው። ውሃ፣ ጥቁር ሻይና ወተት ያልገባበት ቡና ግን የሰመመን ባለሙያው ከፈቀደ ቀዶ ሕክምናው 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ሊጠጣ ይችላል። ቡና ለለመደ የወሎ ሰው ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። አቦል፣ ቶናና በረካ የለመደ ሰው ቀኑን ያለ ቡና ሲውል ራሱን ያመዋል፤ ያን ጊዜ ከወገብ መርፌ በኋላ ከሚመጣው ራስ ምታት ጋር ይምታታል። መለያው ቀላል ነው፦ የመርፌው ራስ ምታት ሲቀመጡ ይብሳል፣ ሲተኙ ይለቃል። ጫት የሚቅም ሰውም ደብቆ እንዳይገባ። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፤ የሽንት ፍሰትንም ያዘገያል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ታካሚው በዎከር (በሁለት እጅ ተይዞ በሚራመዱበት ባለ አራት እግር መደገፊያ) ይነሣል። ዕቅዱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዚህች ደቂቃ ነው። ሲቆም ፊቱ ይገረጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ዓይኑ ይጨልማል፤ የደም ግፊቱ ወርዷል። ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት በቂ ፈሳሽ ማግኘት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ለጥቂት ደቂቃ እግሩን አውርዶ መቀመጥ፣ ከዚያ መቆም። በዕለቱ መውጣት የሚያቅትባቸው ሌሎች ምክንያቶች የሽንት መያዝ፣ ማስመለስና በኪኒን የማይታገሥ ሕመም ናቸው።

ለመውጣት የሚከተሉት ሁሉ መሟላት አለባቸው፦ በዎከር ወይም በክራንች ጥቂት ሜትሮች መራመድ፣ በሚያድርበት ቤት ደረጃ ካለ ደረጃ ወጥቶ መውረድ፣ ሽንት መሽናት፣ በልቶ አለማስመለስ፣ ሕመሙ በሚዋጥ መድኃኒት መያዙ፣ ፋሻው በደም አለመራሱ፣ የእግር ጣቶቹ መንቀሳቀሳቸውና መሞቃቸው። አንዱ ቢጎድል ማደር ነው። ወደ ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ የተሠራው እግር ከክራንቹ ጋር ይቀድማል። ይህን ሆስፒታል ውስጥ ሳይለማመዱ መውጣት አይገባም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች

ማታ ቤት የገባ ታካሚ ብዙ ጊዜ ፈገግ ብሎ ነው የሚገባው፤ አያመውም። ቤተሰቡም «ይህን ያህል ቀላል ነው እንዴ!» ይላል። የነርቩ ማደንዘዣ ግን ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይለቃል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ለተሠራ ሰው ይህ ማለት ከዚያው ማታ እስከ ማግስቱ ጠዋት ነው። ሕመሙ ሳይመጣ መድኃኒቱ መጀመር ያለበት ለዚህ ነው። ፓራሲታሞል በታዘዘለት ሰዓት፣ ቢያምም ባያምም ይዋጣል። ለአብዛኛው አዋቂ 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ጉበቱ የታመመ ወይም ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል። እንደ አይቡፕሮፌን ያለው ማስታገሻ ከተጨመረ በባዶ ሆድ አይወሰድም፤ የጨጓራ ቁስለትና የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው አይሆንም። ጾመኛ ከሆነ፣ የረመዳንም ይሁን የዓቢይ ጾም፣ የመድኃኒቱ ሰዓት ቀድሞ ከሐኪሙም ከሃይማኖት አባቱም ጋር ይመከርበት። ትራማዶልና የመሳሰሉት ጠንካራ ማስታገሻዎች ሆድ ያደርቃሉ፤ ብዙ ውሃና በጥብጠው የሚጠጡት ተልባ ይረዳል።

አልጋ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት በደግነት የሚሠራ ነው። ልጅ ወይም ሚስት «እንዲመቸው» ብላ ትራስ ከጉልበቱ ሥር ትሸጉጣለች። ጉልበቱ እንደታጠፈ ሲከርም መዘርጋት ያቅተዋል፤ ከዚያ ቀጥ ለማድረግ ወራት ይፈጃል። ትራሱ መግባት ያለበት ከተረከዙ ሥር ነው፤ ጉልበቱ አየር ላይ ሆኖ ራሱ ይዘረጋ። ታካሚው ነቅቶ ሳለ በየሰዓቱ ቁርጭምጭሚቱን 10 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅስ፤ ደሙ ባቱ ውስጥ እንዳይረጋ። የጭኑን ጡንቻ 5 ሰከንድ አጥብቆ መልቀቅን ደግሞ 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስት አራት ዙር። እብጠቱን ለማቀዝቀዝ በረዶ፣ መብራት ከጠፋም የቀዘቀዘ ውሃ የያዘ ኮዳ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። በባዶ ቆዳ ላይ አይደረግም።

የሚያድርበት ቤት ከአንድ ቀን በፊት ይታይ። መደብና በርጩማ ዝቅ ስለሚሉ ለመነሣት ጉልበቱን በጣም ያስጨንቃሉ፤ ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ ሲቀመጡበት ዳሌ ከጉልበት ከፍ የሚልበት ወንበር ይፈለግ። ቁጢጥ ለሚባልበት መጸዳጃ ቤት፣ መቀመጫው መሀል የተቀደደ ጠንካራ የእንጨት ወንበር ከጉድጓዱ በላይ ማቆም ይበቃል፤ ማንኛውም አናጺ ይሠራዋል። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ምንጣፍና ሰሌን ይነሣ፤ ክራንቹ ይይዘዋል። ሌሊት ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ መብራት ወይም ባትሪ ይኑረው።

ጠያቂ፣ ወጌሻ፣ ውሃ

ወሎ ውስጥ ታማሚ ብቻውን አይተውም። ጎረቤቱ፣ የእድሩና የማኅበሩ ሰው፣ ዘመድ ከነዳቦው «አብሽር» እያለ ይመጣል። ይህ ፍቅር ያድናል፤ ነገር ግን ታካሚው ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለመነሣት ሲል፣ ወይም እግሩን አንጠልጥሎ ሦስት ሰዓት ሲቀመጥ፣ እግሩ ያብጣል። አስታማሚው «አጠር አድርጉለት፣ እግሩን ሰቅሎ ይተኛ» ለማለት አይፈር። ፋሻውን ገልጦ ማሳየትም አያስፈልግም።

ወጌሻ አይነካው። አጥንት በማቃናት እጃቸው የተመሰገነ አባቶች አሉ፤ ይህ ጉልበት ግን ወለም ያለ አይደለም። ያበጠ ባት ሲታሽ፣ ውስጡ የረጋ ደም ካለ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ያ ይገድላል። ቅቤ፣ ማርና ቅጠልም ቁስሉ ላይ አይቀባም። ጸበሉ ይጠጣ፤ ቁስሉን ግን እስኪዘጋ ድረስ አያርጥበው። ውዱእ የሚያደርግ ሰውም በፋሻ ላይ ስለማበስ ኢማሙን ይጠይቅ። ስፌቱ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይነሣል። በጉልበት መንበርከክና መስገድ ለወራት ይቆያል፤ በወንበር ይሰገዳል። በኋላ የሚችሉ አሉ፣ ስሜቱ የማይመቻቸውም አሉ።

የሚያስፈራውንና የማያስፈራውን መለየት ያስፈልጋል። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ሰማያዊ ጥላ፣ ለሳምንታት የሚቆይ እብጠት፣ ለወራት የሚቆይ የጉልበት ሙቀት የተለመዱ ናቸው። ለ6 እስከ 8 ሰዓት ሽንት አለመሽናት፣ እየበዛ የሚሄድ የቁስል ፈሳሽ ወይም መግል፣ ከ38.5 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚያም ያበጠ ባት፣ የማይነሣ የእግር መዳፍ ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው። ድንገት የመተንፈስ ችግር ወይም የደረት ሕመም ከመጣ ደቂቃ አይጠበቅም። ለዚህም ከሆስፒታሉ ሲወጡ ሌሊት የሚነሣ ስልክ ቁጥር በወረቀት ይቀበሉ። ቁጥር የማይሰጥ ሆስፒታል በዕለቱ ሊያስወጣዎ አይገባም።

ወደ ወሎ መመለስ

በዕለቱ መውጣት ማለት በዕለቱ ወደ ወሎ መጓዝ አይደለም። ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ ደም የማርጋት አደጋውን ይጨምራል፤ አደጋው የሚበረታውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ቢያንስ ስፌቱ ተነሥቶ ሐኪሙ እስኪያየው አዲስ አበባ መቆየት ይሻላል፤ የሁለት ሳምንት ማረፊያ በጀቱ ውስጥ ቀድሞ ይግባ። ይህን ወጪ ስናስበው፣ አንድ ሌሊት አልጋ ይዞ በማደርና በዕለቱ በመውጣት መካከል ያለው የገንዘብ ልዩነት ከሚገመተው ያንሳል።

ቀዶ ሕክምናው አስቸኳይ ስላልሆነ ወቅቱንም መምረጥ ይቻላል። በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ከደሴው ጦሳ ተራራ ሥር ባለ ዳገታማ ሰፈር በክራንች መሄድ መውደቅን መጋበዝ ነው፤ ጥርና የካቲት ይሻላሉ። በመኪና ሲመለሱ የፊተኛው ወንበር ወደ ኋላ ተገፍቶ እግር ይዘረጋ፤ በሚኒባስ የኋላ ወንበር ጉልበት ታጥፎ አይኬድ። በየ1 ሰዓት ተኩሉ ወርዶ 5 ደቂቃ መራመድ ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ እያሉ። ወደ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው የሚቀመጠው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ለደረጃው ግን ተሽከርካሪ ወንበር ትኬት ሲቆርጥ ያስመዝግብ። የደም ማቅጠኛ መድኃኒቱ በሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ የታዘዘለት ሳምንት እስኪያልቅ ድረስ ደሴ ገብቼ ተሻለኝ ተብሎ አይቆምም። የቀዶ ሕክምናው ወረቀትም ይያዝ፦ የገባው ብረት ዓይነትና መጠን የተጻፈበት፣ ተለጣፊ ያለበት ገጽ ፎቶ ኮፒ ይደረግ። ከአሥር ዓመት በኋላ ፕላስቲኩ ቢያልቅና መቀየር ቢያስፈልግ፣ የሚከፍተው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ያን ገጽ ነው።